ሳነቴ ላይ ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል አልሞላም። የጥር ብርድ ጓንት አልፎ ጣት ይቆረጥማል። በሌሊት የተነሳነው ሳነቴ የሚባለው ሜዳ ያለበት ባሌ ሩቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ አይነዳም። ፈቃዱስ አለን፤ ግን አምስት ሞተር ተሰልፎ ሲሄድ ያየ ትራፊክ ዝም ብሎ አያሳልፍም። ቃሊቲ ላይ አንዱ አስቆመን። ወረቀታችንን አየ፣ ሻንጣ ነካ ነካ አደረገና "ወዴት ነው?" አለ። "ባሌ" አልነው። ከላይ እስከ ታች ቃኘን። "በዚህ ብርድ? በሉ፣ እግዜር ይከተላችሁ" ብሎ ለቀቀን።

ስም አልጽፍም፤ መንገድ ላይም በስም አንጠራራም። ጋሼ የሁላችንም ታላቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ለከብት ክትባት ሲሉ ባሌን በያማሃ ዲቲ 125 ያካለሉ ሰው ናቸው። ያኔ ከብቱን የሚከትቡት ለደስታ በሽታ ነበር። በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። ጋሼን ከጠየቃችሁ ያጠፉት እሳቸውና ዲቲዋ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ያንኑ ዓይነት ሞተር አፈላልገው ገዙ፤ ይኸው እስካሁን እሷን ነው የሚነዱት።

ማናጀሩ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። ያማሃ ቴኔሬ 660 አለው፤ ነዳጅ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ነገር ነው። ሲስተር ነርስ ናት፤ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ትነዳለች፤ ከሁላችንም ትንሽ ትናገራለች፣ ከሁላችንም ትንሽ ትወድቃለች። መካኒኩ የያዘው የሰፈር ልጆች የሚነዷትን ቦክሰር 150 ነው። ጎማዋን ብቻ ቀይሮ ጥርስ ያለው አስገብቶላታል። እኔ ሆንዳ ኤክስአር 250 ላይ ነኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁሉም አስፋልት ስለሆነ ብዙ የሚወራለት አይደለም። በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አለፍን። ከአዳማ በኋላ ወደ አሰላ ሲወጣ አየሩ ይለወጣል። በስተግራ ጭላሎ፣ በሁለቱም በኩል የታጨደ የስንዴና የገብስ ማሳ። በቆጂ ላይ ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ በላን። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያፈራች ከተማ ናት። እኛ ሻይ ስንጠጣ እንኳ ሦስት ልጆች በቱታ እየሮጡ አለፉ። ማናጀሩ ወገቡን ይዞ ሲንጠራራ ያየችው ሲስተር "አንተም ብትሮጥ ይሻልህ ነበር" አለችው።

ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ወደ ዲንሾ ስንጠጋ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ ይግጣሉ። ወንዱ ቀንዱን ወደ ኋላ አጋድሞ ቆሞ አየን። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እዚህ ግን ከከርከሮ ጋር ተደባልቆ ይውላል። ዲንሾ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብተን የመግቢያ ከፈልን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሮቤን አልፈን ጎባ ስንገባ መሽቷል። ሽሮ በልተን በየአልጋችን ወደቅን።

ዓርብ

መካኒኩ ሱብሒ ሰግዶ፣ የሁላችንንም ካቴና ዘይት ቀብቶ፣ ከዚያ ነው በር እያንኳኳ የቀሰቀሰን። "ዛሬ ጁምአ ነው። ሪራ ነው የምሰግደው። ለ7 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ካልሆነ ጥያችሁ ነው የምሄደው" አለ። ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። ጎባ፣ ሳነቴ፣ ከሳነቴ ማዶ ሪራ መንደር። ጠዋት 1 ሰዓት የወጣ ሰው ምን ያዘገየዋል?

አንደኛ ቤንዚን አዘገየን። ማደያ ሄድን፣ የለም። ሰልፉ ግን አለ፤ ባጃጁና ሞተሩ ተኮልኩሎ ይመጣል የተባለውን ቦቴ ይጠብቃል። ከማደያው ፊት ለፊት አንዲት ሴትዮ በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ደርድረዋል። ዋጋው አይወራም። መካኒኩ አንዱን ከፍቶ አሸተተ፣ ጠብታ መዳፉ ላይ አድርጎ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ጣቶቹን አፋተገ። ላምባ ያልተቀላቀለበት ቶሎ ይደርቃል፣ ቅባትም አይተውም። "ይሄ ንጹሕ ነው" አለ። ሴትዮዋ ተቀየሙ። "ልጄ፣ እኔ ሌባ ነኝ?" አሉት። "እናቴ፣ እርስዎን ሳይሆን ያመጣልዎትን ነው" ብሎ አለዘባቸው። በነጠላ ቁራጭ እያጠለልን ሞላን።

ከጎባ እንደወጣን አስፋልቱ ያልቅና ጠጠሩ ይጀምራል። ቆመን ከጎማ አየር ቀነስን። ጠጠር ላይ የጠጠረ ጎማ ይንሸራተታል፣ ትንሽ የላላ ግን መሬቱን ይይዛል። ጋሼ መለኪያ አይጠቀሙም፤ በአውራ ጣታቸው ተጭነው "በቃ" ይላሉ። መካኒኩ በመለኪያ ደግሞ አየው። ልክ ናቸው።

መጀመሪያ ጽድና ኮሶ ነው። ኮሶው ያረጀ፣ ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ሽበት በሚመስል ነገር የተሸፈነ። ከዚያ ዛፉ እያጠረ ይመጣል። አስታ ይተካል፤ እሱም ከሰው ቁመት ወደ ጉልበት ይወርዳል። ኩርባው አያልቅም። በየኩርባው ጎባ ከታች እያነሰች ትታያለች። ፈረሰኞች ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ጋቢ ደርበው፣ ኮርቻውን በቀለም ክር አስጊጠው። ፈረስ ሲመጣ ነዳጅ ለቀቅ አድርገን ዳር እንይዛለን፤ የማናጀሩ ሞተር ድምፅ አንዱን ፈረስ ሲያስበረግገው ጋሼ ወርደው በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁ። ሰውዬው የጋሼን ዲቲ አይተው ሳቁ። እንዲህ ዓይነቷን ድሮ ያውቋታል።

አንድ ኩርባ ስንዞር ዳገቱ ድንገት አለቀና ሜዳ ላይ ወጣን። ሳነቴ ይሄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በአፍሪካ መኪና ዓመቱን ሙሉ ከሚያልፍባቸው መንገዶች ከፍተኛው በዚህ የሚያልፈው እንደሆነ ይነገራል። ዛፍ የሚባል የለም። ያለው ድንጋይ፣ ብርማ ቅጠል ያለው ዝቅተኛ ቁጥቋጦ፣ ትንንሽ ኩሬ፣ በየቦታው ደግሞ ጅብራ። ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጥላው ውስጥ ያለው ኩሬ ዳር ዳሩ ገና በረዶ ነው። ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ጃኬቴ ውስጥ ጋዜጣ፣ ጓንቴ ውስጥ ፌስታል አድርጌያለሁ። የክረምት ልብስ ሻጮች እንዲህ ያለ ነገር አይነግሯችሁም፤ ጋሼ ግን ይነግሯችኋል።

ሜዳ ነው ብዬ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ አልጎተተልኝም። ወደ ሁለት መለስኩ። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈሳል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ስለዚህ ጉልበት ይወድቃል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል። የማናጀሩ ቴኔሬ ነዳጅ የሚሰጠው በኮምፒውተር ስለሆነ ራሱን ያስተካክላል። ጉልበቱ ቢቀንስም አይታፈንም። ማናጀሩ ይህን ያውቃል። በማወቁ ነው ጉድ የሆነው።

ጋሼ ገና ጎባ ሳለን አንድ ነገር ብለው ነበር። "ከመንገዱ አትውጡ። ሜዳ አያችሁ ብላችሁ አትጋልቡ።" ከመንገድ ውጭ ለመንዳት የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ግን ትክክል ናቸው። ከሥር መሬቱ በሙሉ የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድ ነው። ጎማ ያለፈበት ቅጠል እዚህ ብርድ ላይ ቶሎ አይድንም። የመኪና ዱካ ያየንባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ሣሩ እስካሁን አልተመለሰም። እኔ እንደሚገባኝ ሳነቴ ላይ ከጠጠሩ መንገድ የሚበልጥ ፈተና አያስፈልግም። አሸዋ አለው፣ ድንጋይ አለው፣ ውሃ የቦረቦረው አለው። እሱን በወጉ የነዳ ሰው ሌላ አይናፍቅም።

ማናጀሩ ከመንገድ አልወጣም። ግን ሁላችንን ቀድሞ፣ አቧራውን እያጠጣን፣ በአራተኛ ማርሽ ሄደ። አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ ቴኔሬው ተኝቷል። ማናጀሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ልቅ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ይዟል። የፊት ጎማ ተቆልፎ ከሥሩ ሄዷል። ሰውዬው ደህና ነው፤ ሲስተር ትከሻውን ዳበሰች፣ አንገቱን አዟዟረች፣ "ክንድህን አንሳ" አለችው፣ አነሳ። መስታወቱ ረግፏል። የማርሽ መቀየሪያዋ ብረት ወደ ውስጥ ታጥፋለች።

ከ200 ኪሎ በላይ ብረት 4,000 ሜትር ላይ ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ ያነሳ ያውቀዋል። ሦስት ሆነን ሞከርን። ልባችን አፋችን ውስጥ ገባ። ቁጭ ብለን ተነፈስን። መካኒኩ ጀርባውን ለሴላው ሰጥቶ፣ ቂጡን አስጠግቶ፣ በእግሩ ኃይል ብቻ ወደ ኋላ ገፋ፤ እኔና ማናጀሩ ከጎን ደገፍን። ተነሳ። መካኒኩ ከሻንጣው አጭር ቱቦ አውጥቶ ብረቷ ላይ ሰካና ቀስ እያለ አቀናት። "ቶሎ ካቃናኋት ትሰበራለች" ይላል፤ ዓይኑ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ይህን እያደረግን ሳለ ቦክሰር ላይ ሦስት ጎረምሶች ከነበግ አለፉን። በጉ መሀል ላይ ነው። ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሱልን። ማናጀሩ መልስ አልሰጠም።

ትንሽ እንደሄድን የጋሼ ዲቲ ትንፋሽ አጠራት። አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ትታፈናለች፣ ከዚያ ጭጭ። ዲቲ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብራ ታቃጥላለች። አየር ሲያንስ ዘይቱም ቤንዚኑም ሳይቃጠል እሳት በሚለኩሰው ካንዴላ ላይ ይቀመጣል። ሁላችንም ልንረዳ ስንጠጋ ጋሼ እጃቸውን አወዛወዙ። "ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ። ይሄ የእኔና የእሷ ነገር ነው።"

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መሐረባቸውን ዘረጉ። ካንዴላውን ፈቱ፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ጫፉ ላይ እርጥብ ዘይት ያብለጨልጫል። ቤንዚን የነካ ጨርቅ አዙረው ጠረጉት። በጥርስ ብሩሽ፣ አዎ በጥርስ ብሩሽ፣ ከውስጥ ነጩ ሸክላ እስኪታይ ፈተጉት። በላይተር አሞቁት። ከዚያ አንዲት ቀጭን ብረት ከኪሳቸው አውጥተው የጫፉን ክፍተት ለኩ። በጥፍራቸው ነካ አድርገው አጠበቡት። መልሰው ሲያስገቡ በጣት ብቻ ነው ያዞሩት፤ ቁልፍ የያዙት የመጨረሻዋን ሩብ ዙር ለማጥበቅ ነው። "በቁልፍ የጀመረ ሰው ጥርሱን ይበላዋል፤ እዚህ ቦታ ደግሞ አዲስ ጥርስ የሚያወጣልህ የለም" አሉኝ። ሁለት ጊዜ ረገጧት። በሦስተኛው ተነሳች።

ያኔ 6 ሰዓት አልፏል። መካኒኩ ሄልሜቱን አጠለቀ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልቅደም" አለ። "ሂድ ልጄ፣ ለእኛም ለምንልን" አሉት። ቦክሰሯ አቧራ አስነስታ ጠፋች።

ቀሪዎቹ አራታችን ያን ያህል አልሄድንም። ሲስተር ከፊት ሆና እጇን አነሳች። ሞተር አጠፋን። ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የተኩላ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ 500 አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በቀስታ ይሄዳል። ቆመ። ጆሮዎቹ ወደ መሬት ዞሩ። አንድ እግሩን አነሳ፤ አላወረደውም። ለረጅም ጊዜ እንዲያው ቆየ። ከዚያ በአራት እግሩ ዘሎ አፍንጫውን መሬት ውስጥ ቀበረ። አፈሩ ተበተነ። ሲያወጣ አፉ ባዶ ነው። ዞር ብሎ አየን፣ ግድ አልሰጠውም፣ መንገዱን ቀጠለ።

ጋሼ የእነሱ ጠላት አዳኝ አይደለም ይላሉ። ከእረኛ ጋር የሚመጣ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮው ሲተላለፍ መንጋ ይጨርሳል፤ ደጋግሞም አድርጎታል። ስለዚህ በአካባቢው የሰዎች ውሻ ይከተባል። ሲስተር ይሄን ሰምታ "ታዲያ ሥራው የእኛ ነው ማለት ነው" አለች።

ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚወጣው መገንጠያ በስተቀኝ ነው። የባሌ ጣሪያ፣ 4,377 ሜትር። ጫፉ ድረስ ጎማ ይወጣል፤ አንቴና ተተክሎበታል። ቀይ አፈርና የተፈረካከሰ ድንጋይ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ቆመን፣ ክብደታችንን ወደ ፊት አድርገን ወጣን። ሆንዳዬ ሰው የሚራመድበትን ፍጥነት ያህል ነበር የምትሄደው። የሲስተር 125 መሃል ላይ እምቢ ስትል ሲስተር ወርዳ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዛ ከጎኗ እየሄደች ገፋቻት። ተቀምጣ ልትወጣው የማትችለውን ዳገት እየተራመደች ወጣችው። ማናጀሩ ከላይ ሆኖ ቪዲዮ ቀረጻት። ከወደቀ በኋላ ገር ሆኗል።

ከላይ ራስ ምታት ያዘኝ። ሲስተር ዓይኔን አየችና "ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ እንውረድ። ለከፍታ ራስ ምታት ፍቱኑ መድኃኒት መውረድ ነው" አለች። ብስኩት ቆረጠምን፣ ነፋሱ ሄልሜት እያስጮኸ ትንሽ ቆየን፣ ወረድን።

ሳነቴ በስተደቡብ ተቆርጦ ነው የሚያልቀው። ሜዳው ጫፍ ላይ ስትቆም ከእግርህ ሥር የሐረና ደን ነው፤ አረንጓዴው ዓይን እስከሚችለው ድረስ ይሄዳል። መንገዱ ገደሉን በጠመዝማዛ ይወርደዋል። እዚህ ደንቡ ሌላ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ መተው። የኋላ ፍሬን ነካ፣ ለቀቅ። ዓይን ጎማው ሥር ሳይሆን የሚቀጥለው ኩርባ ላይ። የጋሼ ዲቲ ቁልቁለት ላይ በሞተር አትይዝም፤ ባለ ሁለት ምት ሁሉ እንዲያ ነው። እሳቸው በፍሬን ብቻ፣ በየመሃሉ ነዳጅ ነካ እያደረጉ ወረዱ። ነዳጅ ዘግቶ ብዙ ከወረዱ ዘይት አይደርሳትም።

ሪራ ስንገባ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል። መካኒኩ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ፊቱን አይተን ገባን። ጁምአው አምልጦታል። ደርሶ ሰው ሲበተን ነው ያገኘው። ዙህር ብቻውን ሰግዷል። ሽማግሌው በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ተረጎሙልን። "መንገደኛ ነህ፣ አላህ ያውቃል። ያንን ትልቁን ሞተር ግን ፈረስ ብትለውጡት ይሻላል።" መካኒኩ ማናጀሩን አየው። ማናጀሩ ሻይ አዘዘ፤ የሁሉንም ሂሳብ ከፈለ።

ማታ ገብስ ዳቦና የሐረና ማር ቀረበልን። ወተቱን እኔና ጋሼ ለጾሙ ብለን ዘለልነው። ማናጀሩም ጾመኛ ነኝ ብሎ ነበር፣ ወተቱን ሲያይ ግን ሐሳቡን ለወጠ።

ቅዳሜ

ዓርብ ድንጋይና ሰማይ ነበር፤ ዛሬ ቅጠል ነው። ከሪራ በታች ቀርከሃ አለ። ከዚያ ሐረና ይውጥሃል። ዛፉ ላይ ያለው ሽበት እስከ ትከሻ ይንጠለጠላል። በጋ ነው ብለን የመጣን ሰዎች ጭቃ ላይ ገባን። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ቀዩ አፈር በጥርም አልደረቀም። የጎማ ጥርስ ውስጥ ይሞላና ጎማው መላጣ ይሆናል።

ጭቃ ላይ ቀላል ሞተር ንጉሥ ነው። ይህን ለዓመታት ስከራከር የኖርኩበት ነገር ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። ሲስተር በ125ዋ እግሯን እንኳ ሳታወርድ አለፈች። መካኒኩ ከኋላዋ። ቴኔሬው ግን መሃል ላይ ተቀበረ። ማናጀሩ ነዳጅ ሲሰጠው የኋላ ጎማው ቁልቁል ቆፈረ። አራት ሰው ገፋ። ጭቃው ከሁላችንም በላይ የጋሼን ጢም አገኘው። ለጉዞ ሞተር የሚገዛ ሰው ስለ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት ብቻውን ማንሳት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ወንድሞቼ ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት ትልልቅ ሞተር የሚሄድበት በረሃና የእኛ አገር ጫካ አንድ አይደሉም።

ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ከፍ ያሉ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ሰው እዚያ ላይ በገመድ ወጥቶ፣ ማታ በጭስ ማር እንደሚቆርጥ ጋሼ ነገሩን። ማናጀሩ "ኢንሹራንስ አላቸው?" አለ። ማንም አልመለሰለትም። ዝቅ ስንል ቡና ጀመረ። ሰው የተከለው አይደለም፤ ጥላው ሥር ራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ነው። ዳር ላይ ካለች ቤት ቆመን ጠየቅን። እዚያው ተቆልቶ፣ እዚያው ተወቅጦ፣ በጨው ቀረበልን። ሲስተር ስኳር ፈልጋ ነበር፤ አንዴ ቀምሳ ሐሳቧን ተወች።

ወደ ደሎ መና ልንወርድ ነበር ሐሳባችን። የእኔ የኋላ ጎማ ወሰነልን። ሚስማር አይደለም፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው የወጋው። መካኒኩ ጎማውን አውልቆ ከመነዳሪውን አወጣ፣ ኩሬ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ፈለገ፣ ፈትጎ ለጠፈው። እኔ ፓምፑን ስነፋ ሦስት ልጆች ተራ ያዙ፤ ከእኔ ይሻላሉ። ከዚያ ሰዓቱን አየን። ሳነቴን በጨለማ መሻገር የሚፈልግ ማንም የለም፤ ቀበሮውም በመብራት መረበሽ የለበትም። ተመለስን። ገደሉ ላይ ጉም ጠበቀን። መሪውን እንጂ መንገዱን አላይም ነበር። አንዱ የሌላውን የኋላ መብራት እየተከተለ፣ ሲስተር ከፊት፣ ማናጀሩ በራሱ ፈቃድ ከኋላ። ሜዳው ላይ ስንወጣ ጉሙ ከእግራችን ሥር ቀረ። ጎባ በ1 ሰዓት ገባን። ሥጋ አዘዝን።

እሁድ

አስፋልት። ዶዶላ ላይ ሻይ፣ አሰላ ላይ ምሳ፣ ከሞጆ በኋላ የጭነት መኪና ሰልፍ። ስለ አስፋልት ይህ ይበቃል።

ሰኞ

ሞተሮቹን መካኒኩ ጋር አስገባን። የአየር ማጣሪያዬን አውጥቶ ሲያራግፈው የሳነቴ አቧራ ወለሉ ላይ ተከመረ። ማናጀሩም መጣ። ቴኔሬውን ሳይሆን መካኒኩን ፈልጎ ነው። "አንድ 250 ፈልግልኝ" አለው በዝግታ። "ይሄንንስ?" "ይሄን ትሸጥልኛለህ።" ጋሼ ጥግ ላይ በርሜል ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። "ዲቲ ግዛ" አሉት። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ። "ይግዛ ጋሼ። ግን ካንዴላ በካርቶን፣ ጉዞው ደግሞ ዓርብ እንዳይሆን።"